ለጥቂት ሳምንታት በውጭ አገር የገጠር ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ለታካሚዎቹ ይጠቅማል?

ጠያቂ፦ ጀማሪ ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የተመረቅሁ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የዓመት ፈቃዴን በሌላ አገር፣ ገጠር ውስጥ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ በማገልገል ለማሳለፍ አስቤአለሁ። ጉዞውን የሚያመቻች አንድ ቡድን አግኝቼ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ክፍያውን ግን ገና አልፈጸምኩም። ቆይታው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ከቡድኑ የተላከልኝ መግለጫ በየቀኑ ብዙ ሕዝብ እንደምናክም ይናገራል። ቀጥሎም «በአገራችሁ ለመሥራት ዓመታት የምትጠብቁትን ሥራ እዚያ በገዛ እጃችሁ ትሠራላችሁ» ይላል። ይህኛው ከነከነኝ። የሕዝቡን ቋንቋ አላውቅም፤ በሽታዎቹም ከለመድኳቸው ሊለዩ ይችላሉ። መሄዱን አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ነገር ግን በእኔ መሄድ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ሳላጣራ ገንዘብ መክፈል አልፈልግም።

እንዲህ ባለ ቦታ የሠራችሁ፣ በተለይም እንግዶችን የተቀበላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በአጭር ጊዜ ምን ሊሠራ ይችላል? ምንስ መነካት የለበትም? የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ሻንጣ መድኃኒት ሊያሰባስቡልኝ ቃል ገብተዋል፤ ልውሰደው?

መልስ፦ የገጠር ጤና መኮንን

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከተወለድኩበት አገር ውጭ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለረጅም ዓመታት በቋሚነት ሠርቻለሁ። በኋላም በጎ ፈቃደኞችን የመቀበልና የመመደብ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። ስለዚህ የምጽፍልሽ በተቀባዩ በኩል ቆሜ ያየሁትን ነው።

«በገዛ እጃችሁ ትሠራላችሁ» የሚለው ሊከነክንሽ ይገባል። በአገርሽ ያልተፈቀደልሽን ሥራ ድንበር ስለተሻገርሽ ብቻ ልትሠሪው አይገባም። የድሃ ሰው ገላ መለማመጃ አይደለም። በምትሄጂበት አገርም የሙያ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር አካል አለ፤ ለአጭር ጊዜ ለሚመጡ ባለሙያዎች ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጡ አገሮች ብዙ ናቸው። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣልሽ፣ አንድ ታካሚ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ቡድኑን በጽሑፍ ጠይቂ። ለዚህ መልስ ከሌላቸው ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግሽም።

መልስ ካላቸው ደግሞ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ በቀጥታ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ኃላፊውን የምትጠይቂው «ብመጣ ደስ ይላችኋል?» ብለሽ አይደለም። እንግዳ ልምጣ ሲል ማንም አትምጣ አይልም። «በዚህ ወቅት የጎደላችሁ የትኛው ሙያ ነው? የእኔ መምጣት ከሠራተኞቻችሁ የማንን ጊዜ ይወስዳል? የትኛው ወር ይመቻችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። እኛ ዘንድ በጎ ፈቃደኛ በመጣ ቁጥር የእንግዳውን ቋንቋ ከሚችሉት ሁለት ነርሶቻችን አንደኛዋ አስተርጓሚ ትሆን ነበር። ይህ ማለት የክትባቱ ክፍል ያለ እርሷ ይውላል ማለት ነው። የሚመጣው ሰው ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይዞ ከመጣ ግድ የለም፤ ካልሆነ ግን የመጡትን እናቶች ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነው።

ስለ «ብዙ ሕዝብ» አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያችን እምብዛም በማይርቅ ሜዳ ላይ አንድ ቡድን ድንኳን ተክሎ ሲያክም ሰነበተ። ሰልፉ መንገድ ዳር ድረስ ይደርስ ነበር። እነርሱ ከሄዱ ከወር በኋላ አንዲት እናት እኛ ዘንድ መጥታ ከሻርቧ ጫፍ ባዶ የፕላስቲክ ከረጢት ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። በከረጢቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ የንግድ ስም ነበረበት፤ እርሱም ግማሹ በላብ ተፍቋል። የደም ግፊቷን ስለካ 190 በ110 ነበር። «እነዚያ እንግዶች የሰጡኝን ጨርሻለሁ፤ ድኛለሁ አይደል?» አለችኝ።

መዝገባችን ውስጥ ስሟ የለም። ሲጀመር ግፊቷ ስንት እንደነበር፣ ምን ያህል መጠን እንደወሰደች፣ ኩላሊቷ ተመርምሮ እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። የመድኃኒቱን ምንነት በብዙ ፍለጋ ስናገኘው ለበሽታው ትክክለኛ የሆነ ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ ያዘዘው ሐኪም ሙያውን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። ግን የእኛ መጋዘን ያንን ዓይነት አይቶት አያውቅም። ግፊት ዕድሜ ልክ የሚያዝ በሽታ መሆኑን ማንም በገባት መንገድ አልነገራትም። በመጋዘናችን ባለው አምሎዲፒን ከዜሮ ጀመርን። በዚያ ቡድን ሪፖርት ውስጥ ግን ይህች እናት ከታከሙት ሰዎች አንዷ ሆና ተቆጥራለች። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ከእኔ አንድ ምክር ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይህንን ውሰጂ፦ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሚቀጥል የማይኖረውን ሕክምና አትጀምሪ። የሚቀጥለውን ደግሞ በእነርሱ መዝገብ፣ በእነርሱ ቅጽ፣ በእነርሱ መጋዘን ባለ መድኃኒት ጀምሪው።

በሌላ በኩል ለአጭር ጊዜ መጥታ ሥራችንን የለወጠች ሐኪምም አውቃለሁ። የሕፃናት ሐኪም ናት። በመጀመሪያው ቀን አንድም ታካሚ አልያዘችም፤ ወንበሯን ከነርሷ ጎን አድርጋ ተቀመጠች። የሚያስል ሕፃን ሲመጣ የትንፋሽ ቆጠራውን ተመለከተች። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፦ ሕፃኑ በእናቱ ጭን እንዳለ ሸሚዙ ይገለጣል፤ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ እስኪረጋጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ይህ በግድግዳችን ላይ ተለጥፏል። ነገር ግን ሰልፉ በር ላይ ሲጨናነቅ ነርሷ ለ15 ሰከንድ ቆጥራ በአራት ታባዛ ነበር። በዚህ ዓይነት ቆጠራ የአንዲት ትንፋሽ ስህተት አራት ይሆናል፤ የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን «ጉንፋን ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

ሐኪሟ አልገሠጸቻትም። «አብረን እንቁጠር» አለቻት። ሁለቱም ያንኑ ደረት እያዩ በየልባቸው ቆጥረው ቁጥራቸውን በየወረቀታቸው ጽፈው ወረቀቱን እኩል ይገልጡታል። በዚያ ጠዋት ለመጣ ለእያንዳንዱ የሚያስል ሕፃን እንዲህ አደረጉ። መጀመሪያ ላይ ልዩነታቸው ሰፊ ነበር፤ እየዋለ ጠበበ። የክፍሉ የግድግዳ ሰዓት የሰከንድ መቁጠሪያ እንደሌለው ያስተዋለችውም እርሷ ናት፤ በማግሥቱ አስቀየርነው። ሐኪሟ ከሄደች በኋላ ያቺ ነርስ አዲስ የሚመደቡትን ሁሉ በዚሁ መንገድ ታስተምር ጀመር። የሐኪሟ ስም በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሕዝብ አከመች» ተብሎ የሚጻፍበት መንገድ የለም፤ እኛ ግን እንድትመለስ ደጋግመን ጽፈንላታል።

መልስ፦ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ

ዶክተር፣ ስለ ሻንጣው እኔ ልመልስልዎት። ፋርማሲስት ነኝ፤ በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት በሚራገፍበት መጋዘን ሠርቻለሁ።

ባልደረቦችዎ ከልባቸው እንደሚሰጡ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከየመሳቢያው ተሰብስቦ የሚመጣ መድኃኒት ለተቀባዩ ከባድ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርሜንያ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ 5,000 ቶን የሚሆን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተልኮ ነበር። ምን እንደመጣ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠሩ። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ 4 በመቶው በውርጭ ተበላሸ፤ ከተረፈው ውስጥ ምንነቱን በቀላሉ ለመለየት የተቻለው 30 በመቶው ብቻ ነበር፤ አብዛኛው የንግድ ስም ብቻ ነው የተጻፈበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ መድኃኒት ልገሳ መመሪያ ያወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስለተደጋገመ ነው፤ መመሪያው በ1999 እና በ2010 ተሻሽሏል።

በመመሪያው መሠረት መድኃኒቱ በተቀባዩ ፍላጎት የሚላክ እንጂ ሰጪው ስላለው ብቻ የሚላክ አይደለም። በተቀባዩ አገር ለአገልግሎት የተፈቀደ መሆን አለበት። ሲደርስ በመሠረቱ ቢያንስ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል። ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ ወይም ለሐኪም በናሙናነት የተሰጠ መድኃኒት አይለገስም። ጽሑፉ የተቀባዩ አገር ባለሙያዎች በሚረዱት ቋንቋ ሆኖ ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ስሙን፣ ማለትም የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም፣ መያዝ አለበት። ጤና መኮንኑ የነገሩን እናት ከረጢት ላይ የጎደለውም ይኸው ነው። ሳያሳውቁ ይዘው ከሄዱ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ሊያዝብዎት ይችላል።

የሚሻለው ይህ ነው፦ ከጤና ጣቢያው የመጋዘን ዝርዝር ያስልኩ፤ ያለቀባቸውን ይጠይቁ፤ ባልደረቦችዎም ዕቃውን ትተው ገንዘቡን ያዋጡና ጤና ጣቢያው ራሱ በአገሩ ከሚገኝ ሕጋዊ አከፋፋይ ይግዛበት።

ለመሣሪያም እንዲሁ ነው። የስኳር መለኪያ ይዘው ከመሄድዎ በፊት የመለኪያው ስትሪፕ (ደም የሚነካበት ቁራጭ) በዚያ አገር ይሸጥ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የያዙት ስትሪፕ ሲያልቅ መሣሪያው ከመሳቢያ አይወጣም። በ110 ቮልት የሚሠራ የኦክስጅን ማምረቻ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን መጋዘናችን ውስጥ ተቃጥሎ የተቀመጠው ይመሰክራል።

መልስ፦ ጡረተኛ ቀዶ ሐኪም

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ። ግን ይህችን ልጅ እንዳታስፈሯት እሰጋለሁ። በሥራ ዘመኔ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች እየሄድኩ ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ። የብሽሽት ቡአ ይዞት ሸክም ማንሣት ያቃተው የቀን ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ሥራ ወደ እንጀራው ይመለሳል። የዓይን ሞራ የጋረዳቸው አዛውንት ሞራው ተገፎ የልጃቸውን ፊት ያያሉ። እነዚህ ሰዎች ሥርዓቱ እስኪስተካከል ጠብቁ ቢባሉ ዕድሜአቸው ያልፋል። ታካሚ ከፊትሽ ቆሞ ሳለ ስለ ዘላቂነት መከራከር ለእርሱ ምንም አያደርግለትም። ሂጂ፣ ልጄ። አቅምሽ የሚፈቅደውን ሥሪ።

መልስ፦ የገጠር ጤና መኮንን

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ በዚህ ነጥብ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። የጀመሩትን እዚያው የሚጨርሱበት ሥራ አለ፤ የሚጠቅመውም እርሱ ነው። ሕፃኑን ከሳንባ ምች በአሞክሲሲሊን ማዳን፣ ተቅማጥ የያዘውን በኦአርኤስና በዚንክ ማዳን የቀናት ሥራ ነው፤ መድኃኒቶቹም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊኖሩ የሚገባቸው ናቸው። ኦአርኤሱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዴት እንደምትበጠብጥ እናትየው ራሷ እየሠራች ካሳየችን፣ ዚንኩንም ተቅማጡ ቆሟል ብላ ሳታቋርጥ ከ10 እስከ 14 ቀን እንድትሰጥ ከተረዳች ሐኪሙ አገሩ ቢገባም ሕክምናው ይቀጥላል።

ቀዶ ሕክምናው ግን እርስዎ ሲሄዱ ቁስሉን የሚያይ ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ሲመላለሱ ወደዚያው ቦታ ነበር ወይስ በየጊዜው ወደ ሌላ? ከእርስዎ ጋር የሚቆም የአካባቢው ቀዶ ሐኪምስ ነበር? መልሱ ለእህታችን ይጠቅማታልና ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረተኛ ቀዶ ሐኪም

ወደዚያው ነበር የምመለሰው። አንድ የአካባቢው ሐኪምም አብሮኝ ይቆም ነበር። በመጀመሪያ እርሱ ይረዳኝ ነበር፤ በኋላ እኔ እርሱን መርዳት ጀመርኩ፤ በመጨረሻም የቡአውን ቀዶ ሕክምና እርሱ ስለተካነው ለዚያ ሥራ መሄዴ ቀረ። ቁስል ያመረቀዘበት ሰው ሲኖርም የሚያየው እርሱ ነበር። አነጋገርህ ገብቶኛል፤ ያለ እርሱ የሠራሁት ሥራ ግማሽ በሆነ ነበር።

መልስ፦ አዋላጅ እህት

እኔ የማዋለጃ ክፍሉን ብቻ ልናገር። የምትወልድ ሴት ባለችበት ክፍል በእንግድነት አትግቢ። እርሷም አዋላጇም ሲፈቅዱልሽ ብቻ ግቢ። እግሯን ከፍታ በምጥ ላይ ያለች ሴት «ይህች ሐኪም ትግባ ወይ?» ስትባል እምቢ ለማለት አቅም አይኖራትም፤ ስለዚህ ፈቃዱ ምጡ ሳይበረታ ይጠየቅ።

ከሕፃናቱ ጋር የሠራሽ ከሆንሽ አዲስ የተወለደ ሕፃን በራሱ አልተነፍስ ሲል አየር በሚገፋ ከረጢትና በጭንብል የመርዳት ሥልጠና ከየትኛውም ስጦታ ይበልጣል። ሕፃኑ ማድረቅና ማነቃቃት ካላስተነፈሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር ሊሰጠው ይገባል። ይህ እውቀት ሁሉም አዋላጅ ዘንድ አለ፤ ነገር ግን በወር አንዴ ብቻ የሚያጋጥም ከሆነ እጅ ይረሳዋል። የመለማመጃ አሻንጉሊት ይዘሽ ሂጂና እዚያው ተዪው። ከመሄድሽ በፊት ግን አንቺም ተለማመጂ።

ደግሞም ማቀዝቀዣውን ለመጠጥ ውሃ ብለሽ አትክፈቺው። ክትባቱና ኦክሲቶሲኑ (ከወሊድ በኋላ እናትየዋ ብዙ ደም እንዳይፈስሳት የምንወጋት መድኃኒት) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሙቀት ያገኘው ኦክሲቶሲን ኃይሉን ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። ሕፃኑ እንደተወለደ የምንወጋት 10 ዩኒት ደሟን ሳታቆምላት ስትቀር ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል። እንግዶች የለስላሳ ጠርሙሳቸውን ከክትባቱ አጠገብ ደርድረው አይቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ጠያቂ፦ ጀማሪ ሐኪም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ይዤ ቡድኑን ጠየቅሁ። ስለ ፈቃዱ የሰጡኝ መልስ የተድበሰበሰ ነበር፤ ብዙ ከጎተጎትኳቸው በኋላ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አድራሻ ሰጡኝ። ለኃላፊዋ ጤና መኮንኑ ባሉኝ መንገድ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው እጅግ ግልጽ ነበር። በተመላላሽ ክፍል ተጨማሪ ሐኪም አያስፈልጋቸውም። የሚፈልጉት አዋላጅ እህት ያለችውን ሥልጠና ነው። ሌላው የግፊትና የስኳር ታካሚዎች መዝገብ ነው፤ ከቀጠሮአቸው የቀሩት እነማን እንደሆኑ ከነርሷ ጋር ተቀምጦ የሚለይላቸው ሰው ይሻሉ። እኔ ያሰብኩት ወር ደግሞ የክትባት ዘመቻ የሚካሄድበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ እንድመጣ ጠይቀውኛል። ጊዜያዊ ፈቃዱን በጤና ጣቢያው በኩል እንደሚያስጨርሱልኝም ጽፈዋል። ስለዚህ ቡድኑን ትቼ በቀጥታ ከእርሳቸው ጋር ልሄድ ነው።

የቀሩኝ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። በአስተርጓሚ እንዴት ይሠራል? ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል? ራሴን ለመጠበቅስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ አዋላጅ እህት

ስለ አስተርጓሚ አንድ ነገር ልበል። የታካሚዋን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጊ። አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው «ወገቤን ያመኛል» አሉ፤ ልጁም እንዲሁ ተረጎመ። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ጻፈላቸው። ሲወጡ እጄን ያዙኝና ወደ ጥግ ወስደው በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ ማሕፀናቸው ወደ ውጭ ወጥቶ ለዓመታት መቀመጥ ተስኗቸው ኖሯል። ይህን በወንድ ልጅ አፍ እንዴት ይናገሩት? ጤና ጣቢያው የሚመድብልሽን ሰው ተጠቀሚ፤ ለሴቶች ሴት ትሁን። ስትናገሪ አስተርጓሚዋን ሳይሆን ታካሚዋን እያየሽ በአጭር በአጭሩ ተናገሪ። መድኃኒት ከሰጠሽ በኋላ «ገባሽ?» አትበያት፤ ሁሉም ገብቶኛል ይላል። እንዴት እንደምትወስደው እርሷ መልሳ ትንገርሽ።

መልስ፦ የገጠር ጤና መኮንን

እህቴ፣ የኃላፊዋን ደብዳቤ በማንበቤ ደስ ብሎኛል። የቀሩትን መዝገቡ ላይ ስትለዩ ስልክ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ስልክ የሌላቸውን ፈልጎ የሚያመጣው የመንደሩ የጤና ሠራተኛ ስለሆነ ዝርዝሩ ለእርሱ በሚመች መንገድ በየመንደሩ ይከፈል።

ፎቶግራፍ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። የታካሚን ፊት አታንሺ። መድኃኒት የሚሰጠውን እጅ የያዘ ሰው «ላንሣሽ?» ሲላት፣ እሺ ያለችው ስለፈቀደች ይሁን መድኃኒቱን እንዳታጣ ፈርታ ይሁን አንቺ ልታውቂ አትችዪም።

ስለ ራስሽ፦ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጨረስሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። የተለመደው አወሳሰድ ሦስት ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ነው። ጓንትሽንና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የእነርሱን አትጨርሺባቸው። መርፌ ከወጋሽ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቢ፤ አትጭመቂው፤ ወዲያውኑም ለኃላፊዋ ተናገሪ። የኤች አይ ቪ መከላከያው በተቻለ ፍጥነት፣ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ መኖሩን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ከሌለ ደግሞ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለእነዚያ ነርሶችም የለም ማለት ነውና፣ ከጤና ባለሥልጣኑ የሚጠየቅበትን መንገድ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋገሩበት።

አካባቢው ወባ ያለበት ከሆነ መከላከያውን አስቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ። ዶክሲሳይክሊን ከወባማው ስፍራ ከወጡ በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል፤ አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ያለው ደግሞ ለሰባት ቀን። ከተመለስሽ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም ትኩሳት ቢይዝሽ የት እንደነበርሽ ለሚያክምሽ ሰው መጀመሪያ ተናገሪ። አገሩ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነውና ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቀኑን ቁጠሪ። ቢጫ ካርድ የሚባለውን ይህን ወረቀት በሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፤ ከፓስፖርትሽ ጋር በእጅ ቦርሳሽ ይሁን።